ከእናቷ እንዴት ትደብቃለች?

«ልጄ 13 ዓመቷ ነው፤ 7ኛ ክፍል ናት። አንድ የክፍሏ ልጅ ሒጃቧን እየጎተተ፣ እየሰደበ መድረሻ አሳጥቷታል። የሰማሁት ከጎረቤት ልጅ ነው። ከዚያ ወዲህ በባጃጅ አድርሼ እመልሳታለሁ፤ ስልኳን ወስጃለሁ፤ የቅዳሜ ጥናቷንም አስቀርቻለሁ። መምህሩ ልጁን ገርፎ ይቅርታ አስጠየቀው፤ ባሰበት። ኮምቦልቻ እህቴ ዘንድ ልላካት? ከእናቷስ እንዴት ትደብቃለች?»
እናት፣ ከደሴ

እህቴ፣ መጨነቅዎ አይፈረድበትም። ግን ስልክ የተወሰደባት እሷ፣ ከጥናት የቀረችው እሷ፣ ከተማ ልትለቅ የታሰበችውም እሷ ናት። ልጁ አንድ ቀን ተገርፎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

እርስዎ ጥበቃ የሚሉት ለእሷ ቅጣት ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ችግሩን የሚደብቀው እናቱን ሳያምን ቀርቶ ብቻ አይደለም፤ መናገር ምን እንደሚያስከፍለው አስቀድሞ ያሰላል። ብናገር ስልኬ ይሄዳል፣ ከጓደኞቼ እለያለሁ፣ እማዬ ግቢው ውስጥ ትጮኻለች፣ እሱም «አስገረፍሽኝ» ብሎ ይብስብኛል። ስሌቷ ልክ እንደነበር ያለፉት ሳምንታት አሳዩዋት፤ ያውም ሳትናገር! ነገ የከፋ ነገር ቢመጣ፣ ፎቶዋን ቢያሰራጭ ወይም ሰውነቷን ቢነካት፣ መጀመሪያ የምትደብቀው ከእርስዎ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ደግሞም ደብዳቤዎ ውስጥ ጎረቤቷም መምህሩም አሉ፤ የልጅዎ አንድ ቃል ግን የለም።

ስለዚህ ከእሷ ይጀምሩ። ስልኳንና ጥናቷን ይመልሱላት። ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ፣ ሽንኩርት እየከተፋችሁም ቢሆን፣ ያውሯት፤ ዐይን ለዐይን ካልተፋጠጡ ወሬ ይቀላል። «አንቺስ ምን አድርገሽው ነው?» የሚል ከአፍዎ እንዳይወጣ። «ሳልነግርሽ ምንም አላደርግም» ይበሏት፤ «ለማንም አልናገርም» ብለው ግን ቃል አይግቡ፣ ላይጠብቁት ይችላሉና።

ግርፋቱ ነገሩን ማባሱ አይገርምም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት በአካላቸው ከሚፈጸም ቅጣት ነፃ የመሆን መብት አላቸው ይላል። በክፍል ፊት የተዋረደ ልጅ ውርደቱን የሚያወራርደው በእሷ ላይ ነው። ፊት ለፊት አቁሞ ማስታረቅም አልመክርም፤ እርቅ እኩል ለተጣሉ ነው። ይልቅ መቀመጫቸው ይራቅ፣ በእረፍትና በመውጫ ሰዓት የሚከታተል መምህር ይመደብ፣ የልጁ ወላጆች ለብቻቸው ይጠሩ።

ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተባለውን ቃል፣ ያዩትን ልጆች በደብተር ይያዙ። አቤቱታዎን በጽሑፍ ለስም ጠሪው መምህር፣ ግልባጩን ለርዕሰ መምህሩ ያስገቡ፤ የእርስዎ ቅጂ ላይ ማኅተም ያስመቱ። ሳምንት ያህል ታግሠው ምላሽ ካጡ ወደ ወላጅና መምህር ህብረቱ፣ ከዚያ ወደ ከተማው ትምህርት መምሪያ ይሂዱ። ሰውነቷን ነክቷት ከሆነ ግን ይህን ሁሉ ይለፉትና በቀጥታ ለፖሊስ ያመልክቱ።

እንቅልፍ ካጣች፣ ጠዋት ጠዋት ሆዴን ካለች ከባለሙያ ጋር በአካል ብትነጋገር ጥሩ ነው። «መኖር ሰለቸኝ» ካለች ግን ቀን አይቁጠሩ፤ ያኔውኑ ሆስፒታል ይውሰዷት።

ስለ ኮምቦልቻው፦ እሷ ራሷ ከፈለገችው ሌላ ነገር ነው። ይጠይቋት፤ ዛሬውኑ መልስ ካልሰጠችም አያስጨንቋት።