ባለቤቴ ገመናችንን ሲትኮም አደረገው

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ ነው የምንኖረው፤ እኔ ሰንጋ ተራ አካባቢ ባለ ባንክ እሠራለሁ። ባለቤቴ የድራማ ደራሲ ነው። ባለፈው ዓመት ስለ ትዳርና ስለ መሥሪያ ቤት ሕይወት የጻፈው ሲትኮም (አስቂኝ ተከታታይ ድራማ) በየሳምንቱ በቴሌቪዥን ይታይ ነበር። ሚስትየዋ የባንክ ሠራተኛ ናት፤ ስትናደድ የምትናገረው ቃል በቃል የእኔን ነው። የወንድሜን ዕዳ ለመክፈል ብዬ ከእሱ ደብቄ የገባሁት ዕቁብ ነበር። በኋላ ነግሬው ይቅር ብሎኝ አልፈን ነበር፤ እሱም አንድ ክፍል ሆኖ ቀረበ። ባልደረቦቼ ምሳ ሰዓት ላይ እያዩት ሲስቁ አብሬያቸው ሳቅሁ። ማታ «እንዴት አየሽው?» ሲለኝም «ጥሩ ነው» አልኩት። ድራማው 13 ክፍል ታይቶ ስፖንሰሩ ሲወጣ ቆመ። እሱ ክፉኛ አዘነ፤ እኔ በልቤ እፎይ አልኩ። አሁን እሱ ቤት ይውላል፣ እኔ ደግሞ ደስ ስላለኝ ራሴን እወቅሳለሁ። መጎዳቴን ልንገረው ወይስ ልተወው?

መልስ፦ እህቴ፣ እፎይ ማለትሽ ክፋት አይደለም። ሦስት ወር ሙሉ በየሳምንቱ ምን ይወጣብኝ ይሆን እያልሽ ኖረሻል። ያ ሥጋት ሲቆም ሰውነትሽ ዐረፈ እንጂ በባልሽ ውድቀት አልተደሰትሽም። ባልደረቦችሽ ፊት መሳቅሽም የሚያስወቅስሽ አይደለም፤ ብታኮርፊ «አንቺው ነሽ ማለት ነው» ይሉሽ ነበር። ማታ ለባልሽ «ጥሩ ነው» ማለትሽ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ ያንን እንደ ፈቃድ ሳይቆጥረው አልቀረም።

እኔን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ የዕቁቡ ክፍል ነው። ስለ አስቤዛና ስለ ቤት ኪራይ የሚደረግ ጭቅጭቅ የሁሉም ቤት ነው፤ በእሱ ቢሳቅ ብዙም አይጎዳም። ዕቁቡ ግን ተናዘሽ ይቅር የተባልሽበት ነው። ይቅር የተባለ ነገር አደባባይ ሲወጣ ሰው ይቅርታውን ራሱን መጠራጠር ይጀምራል። በ2003 እ.ኤ.አ. በካናዳ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮድ ማርቲንና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት ሰውን የሚያቀራርብ ቀልድና ሌላውን የሚያቆስል ቀልድ ለየብቻ ተቀምጠዋል። በዚያ ክፍል ያየሽው ሁለተኛውን ይመስለኛል።

ግን የእሱንም ወገን ማየት አለብሽ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት በየግል ጥረታቸው የሚያገኙትን ገቢ የጋራ ሀብት ያደርገዋል። ስለዚህ ደብቀሽ ዕቁብ የጣልሽው ከእሱም ገንዘብ ነው። ምናልባት ያኔ ይቅር ያለሽ በአፉ ብቻ ይሆናል። ቤት ውስጥ ሊናገረው ያልቻለውን ቅያሜ በድራማው ውስጥ ያለው ባል ተናገረለት። እንዲህ ከሆነ ሁለታችሁም ያላለቀ ነገር ይዛችኋል፤ ድራማው መቆሙም አይፈታውም።

በዚህ ላይ የሥራው ሐዘን አለ። ስፖንሰር የወጣበት ድራማ ታሪኩ መሀል ላይ ይቀራል፣ ተዋንያኑ ይበተናሉ፣ ደራሲው ደግሞ ጥፋቱን ብዙ ጊዜ በራሱ ጽሑፍ ላይ ይፈልጋል። እሱ እንዲህ ሆኖ ሳለ «እንኳንም ቆመ» የሚል ቃል ካንቺ ከወጣ፣ ከዚያ በኋላ የምትይው ሁሉ አይሰማም።

ስለዚህ ንገሪው፤ አጀማመሩን ግን አስቢበት። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጆን ጎትማን ባለትዳሮች ሲከራከሩ በቪዲዮ እየቀረጸ ባደረገው ጥናት፣ የንግግሩ የመጀመሪያ ደቂቃዎች ስለ መጨረሻው ብዙ እንደሚናገሩ አሳይቷል። ቀኑን ሙሉ በተቀመጠበት ሳሎን አታንሺበት። አንድ እሑድ ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ በእግር ይዘሽው ውጪ፤ ጎን ለጎን እየሄዱ ማውራት ፊት ለፊት ተፋጥጦ ከማውራት ይቀላል። ከዚያ እንዲህ በይው፦ «የዕቁቡ ክፍል የታየ ቀን ተጎድቻለሁ። ጥሩ ነው ያልኩህ እውነቴን አልነበረም። አንተስ ያኔ ከልብህ ይቅር ብለኸኝ ነበር?» መልሱን ሳትቆርጪ ስሚው። የማትወጂውን ቢነግርሽ እንኳ ወዲያው ወደ መከላከል አትሂጂ።

በሌላ ቀን ደግሞ ስለሚቀጥለው ጽሑፉ ተነጋገሩ፤ መጻፉ አይቀርምና። ስለ ትዳር አትጻፍ ማለት አግባብ አይመስለኝም፤ የሚያውቀውን ትዳር ነው የሚጽፈው። «ከእኔ ሕይወት የተወሰደ ነገር ካለ ስክሪፕቱ ለፕሮዲውሰር ከመሄዱ በፊት ላንብበው፣ በምስጢር የነገርኩህ ደግሞ ከነጭራሹ አይግባ» ማለት ግን መብትሽ ነው። እስከዚያው ነገሩን ወደ ሽማግሌ ወይም ወደ አማት አትውሰጂው። አንቺን የጎዳሽ የቤታችሁ ጉዳይ በሌሎች ጆሮ መግባቱ ነው፣ ሌላ ጆሮ ባትጨምሪበት ይሻላል።

«ቤት ይውላል» ያልሽውን አጥብቀሽ ተከታተይ። ከሁለት ሳምንት በላይ አብዛኛውን ቀን ከከፋው፣ ይወደው የነበረው ነገር ሁሉ ካስጠላው፣ እንቅልፉና ምግቡ ከተዛባ ነገሩ ከሥራ ማጣት ሐዘን አልፎ ድባቴ ሊሆን ይችላል። መኖር አስጠልቶኛል የሚል ቃል ከሰማሽ ደግሞ ሁለት ሳምንት ሳትጠብቂ በዚያው ቀን ውሰጂው። አማኑኤል ሆስፒታልም ሆነ ጥቁር አንበሳ የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። አብረሽው ሂጂ፤ የዕቁቡን ወሬ እስኪያገግም ማቆየት ትችያለሽ።