ሞተር ከነተሳቢው፣ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

ደጀን ላይ ጋራዥ አለኝ። ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደውንም ከበረሃው የሚወጣውንም አያለሁ። መስቀል አልፏል፣ ዝናቡም ቆሟል። በሞተር ተሳቢ ጎትቶ፣ ድንኳን ጭኖ ጎጃምን ለመዞር የሚያስብ በዝቷልና ጠይቁ። ጭነትና ቁልቁለት ላይ የምለውን ግን አደራ፣ ዘላችሁ አትለፉ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከ60 በላይ ስነዳ ተሳቢው ግራ ቀኝ ይወዛወዛል። ጎማ ልቀይር?

መልስ፦ መጀመሪያ ጭነትህን አውርድ። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ከባዱ ዕቃ ወደ ኋላ መጫኑ ነው። ተሳቢው ከነጭነቱ 100 ኪሎ ከሆነ፣ ተሳቢውን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው ጋንቾ ላይ ከ10 እስከ 15 ኪሎ ማረፍ አለበት። በግምት አይሆንም። እህል ነጋዴ ጋ ሂድና የተሳቢውን አፍንጫ፣ ጋንቾው ላይ የሚገባውን ጫፍ፣ ሚዛኑ ላይ አሳርፈው።

ድስት፣ ምድጃና መፍቻ ከጎማው ትንሽ ወደ ፊት፣ ወለሉ ላይ ይሁኑ። ድንኳንና ብርድ ልብስ ከኋላ። ውሃውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው። ፊት ላይ ጭነኸው ደብረ ማርቆስ ስትደርስ ካለቀ፣ ጠዋት ያስተካከልከው ሚዛን የለም። ስለዚህ ጀሪካኑ ልክ ከጎማው በላይ ይቀመጥ። ያን ጊዜ ሞላም ጎደለም አፍንጫውን አይነካውም። በሁለት ትናንሽ ጀሪካን ብትከፍለው ደግሞ የተሻለ ነው፤ ግማሽ የሆነ ውሃ መንገድ ላይ ይናጣል።

መወዛወዝ ከጀመረ ፍሬን አትያዝ። ነዳጁን ቀስ ብለህ ቀንስ፣ መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝ።

ጥያቄ፦ ቦክሰር 150 ይጎትታል?

መልስ፦ ሜዳ ላይ ቀላል ጭነት ይጎትታል። የሚፈተነው ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ሲወጣ ነው። ከፍታው በጨመረ በየ1,000 ሜትሩ ሞተር አሥር በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ደጀን 2,400 ሜትር ገደማ ነው፤ ሩቡ ጉልበት የለህም ማለት ነው። ተሳቢው ከነጭነቱ ከሞተሩ ክብደት ግማሽ አይለፍ። ከኋላህም ሰው አይቀመጥ።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ነው የምመጣው። በረሃውን እንዴት ልውረድ?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ትወርዳለህ። ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ውረድ፣ ሞተሩ ራሱ ይያዝህ። በፎሌ፣ ማርሽ ሳታስገባ፣ አትውረድ! ፍሬኑን ጠበቅ አድርገህ ያዝና ልቀቀው፣ ይቀዝቅዝ። ሳትለቅ ይዘኸው ከወረድክ ይግላል፣ ከዚያ እጀታው ባዶ ይሆንብሃል።

ፍጥነት የሚቀነሰው ኩርባው ከመድረሱ በፊት፣ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሳለ ነው። ኩርባው ውስጥ ፍሬን ከያዝክ ተሳቢው ከኋላ ይገፋህና ከመንገድ ያወጣሃል። አስፋልቱም ያበጠና የሰመጠ ቦታ አለው፣ ተሳቢውን ያዘልለዋል። ከባድ መኪና ከኋላህ ከመጣ ዳር ይዘህ አሳልፈው። ድልድዩ ጋ ስትደርስ ቁም። የተሳቢውን ጎማ መሐል፣ ኩሽኔታው ያለበትን፣ በእጅህ ጠጋ ብለህ ሞክረው። እጅ የሚያቃጥል ከሆነ አትቀጥል። የጋለ ፍሬን ላይ ውሃ አታፍስ፣ ብረቱ ይሰነጠቃል።

ጥያቄ፦ መንገዱ ሰላም ነው?

መልስ፦ በዕለቱ ጠዋት ከዚያ የመጣ ሹፌር ጠይቅ። ተዘግቷል ካለህ ጉዞው ይቅር።

ጥያቄ፦ ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተር ማጥፋትስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከላይ የጻፍኩትን አንብብ። በፎሌም ሆነ ሞተር አጥፍቶ አይወረድም።

አባል ከሞጣ፦ በደብረ ማርቆስ ብቻ ለምን ትሄዳላችሁ? በቢቸና አድርጋችሁ ሞጣ ኑ። ሰባራ ድልድይን ሳያዩ ጎጃምን አየሁ ማለት አይቻልም።

አባል ከማርቆስ፦ የጮቄ ተራራስ? ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ሞጣ ላይ ምን አለ?

አባል ከሞጣ፦ የፋሲለደስ ዘመን ድልድይ ነው እኮ!

መልስ፦ ልጆች፣ ሁለቱም አገራችን ነው። ጮቄም ሆነ ሰባራ ድልድይ የሚሄድ ግን ተሳቢውን ከተማ ያሳድር። ወደ ጭነቱ እንመለስ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሴት ነኝ፣ ከጓደኛዬ ጋር ነን። ድንኳን የት እንትከል?

መልስ፦ እህቴ፣ ባዶ የሚመስለው ሜዳ ሁሉ ባለቤት አለው። ሳይመሽ ድረሱ፣ አንድ ትልቅ ሰው ፈልጋችሁ አስፈቅዱ። እንግዳ ነን ካላችሁ ግቢያቸው ውስጥ ያስተክሏችኋል። እንጅባራ አካባቢ ዘንገና ሐይቅ ውብ ነው፣ ሌሊቱ ግን ይበርዳል። ጅብ ስላለ ምግብ ድንኳን ውስጥ አታሳድሩ።

ጥያቄ፦ ለጉዞው ምን ያስፈልጋል?

መልስ፦ የትኛው ሞተር፣ ስንት ኪሎ፣ ስንት ቀን? እሱን ጻፍና ተመለስ።

ጥያቄ፦ በማታ ብነዳስ? መንገዱ ጭር ይላል።

መልስ፦ አይነዳም። ከብት አለ፣ ጋሪ አለ፣ መብራት የላቸውም። ከነተሳቢው ቶሎ አትቆምም።

ጥያቄ፦ ጋንቾው ቢበጠስ ተሳቢው የት ይሄዳል?

መልስ፦ ይህን የሚጠይቅ ሰው ስፈልግ ነበር። ሁለት ሰንሰለት ከአፍንጫው ሥር አጠላልፈህ ከሞተሩ ሻንሲ ጋር እሰር። ጋንቾው ቢለቅ አፍንጫው አስፋልት ሳይነካ ሰንሰለቱ ላይ ያርፋል። ስትታጠፍ እንዳይወጠር ትንሽ ላላ ይበል፣ መሬት ግን አይጎተት። ጋንቾው ራሱ ወደ ጎንም የሚዞር ዓይነት ይሁን። ሞተር ኩርባ ላይ ያዘነብላል፣ ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ አያዘነብልም። የማይዞር ከሆነ ብሎኑን ይቆርጠዋል። ደጀን፣ ማርቆስና ቡሬ ላይ ብሎኖቹን በመፍቻ አጥብቅ።