የወባ መመርመሪያ ጥናትሽ «ስታርድን ተከተዪ» ተብሎ ለተመለሰብሽ እህቴ

እህቴ፣ ድሬዳዋ ላይ የወባ ፈጣን መመርመሪያን ከማይክሮስኮፕ ጋር ያወዳደርሽበት ጽሑፍ «በስታርድ መሠረት አስተካክዪ» ተብሎ እንደተመለሰብሽ ጽፈሻል። ሥራሽ ወድቋል ማለት አይደለም። ስታርድ የምርመራ ትክክለኛነት ጥናት ምን ምን አሟልቶ መጻፍ እንዳለበት የሚዘረዝር መመሪያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ወጥቶ በ2015 ተሻሽሏል፤ 30 ነጥቦች አሉት። እኔ በላቦራቶሪ ስሠራና የባልደረቦቼን ረቂቅ ሳነብ ደጋግሜ ያየሁት ጉድለት ግን አንድ ነው፦ የተመረመሩት ሰዎች እነማን እንደሆኑ አይታወቅም።

«200 ሕሙማን ተመረመሩ» ማለት አይበቃም። ትኩሳት ይዟቸው በተከታታይ የመጡ ናቸው? ወይስ ወባቸው አስቀድሞ የታወቀ ሕሙማንና ፍጹም ጤነኞች ተመርጠው? ሁለተኛው መንገድ የመመርመሪያውን ብቃት አጋንኖ ያሳያል። እኛ ዘንድ በትኩሳት የሚመጣ ሰው ዴንጊ ወይም ቺኩንጉኒያ (በትንኝ የሚተላለፉ ሌሎች የትኩሳት በሽታዎች) ይዞት ሊሆን ይችላል፤ ዴንጊ እ.ኤ.አ. በ2013፣ ቺኩንጉኒያ በ2019 በከተማችን ተከስተዋል። መመርመሪያው መፈተን ያለበት በእነዚህ መካከል ነው። ናሙና የሰበሰብሽባቸውን ወራትም ጻፊ። እ.ኤ.አ. በ2022 አኖፌለስ ስቴፈንሲ ከተባለችው ትንኝ ጋር የተያያዘው የወባ ወረርሽኝ ድሬዳዋን የመታው በደረቁ ወቅት ነበርና።

ስለ ኪቱ (ስለ ፈጣን መመርመሪያው) ስትጽፊ ስሙን፣ የምርት መለያ ቁጥሩንና በስንት ዲግሪ ሙቀት እንደተቀመጠ ግለጪ፤ የድሬን ሙቀት ታውቂዋለሽ። የሚፈልገው ፕሮቲን ኤችአርፒ2 ከሆነ ደግሞ በዚህ ላይ አትቸኩዪ። ይህን ፕሮቲን የሚያመርተው ዘረመል የጎደለው ፋልሲፓረም የተባለ የወባ ተውሳክ በአገራችን ተገኝቷል፤ እንዲህ ያለውን ኪቱ ሊስተው ይችላል። በተቃራኒው ሕመምተኛው ከዳነ በኋላም ፕሮቲኑ ለሳምንታት በደም ውስጥ ስለሚቆይ፣ ማይክሮስኮፕ ኔጌቲቭ ያለውን ኪቱ ፖዘቲቭ ሊለው ይችላል። ሰውየው በቅርቡ የወባ መድኃኒት ወስዶ እንደነበር ካልተጻፈ አንባቢ የልዩነቱን ምክንያት በምን ይለየዋል? ስላይዱን (በማይክሮስኮፕ የሚታየውን የደም ናሙና) ያነበበው ባለሙያ የኪቱን ውጤት አስቀድሞ አይቶ እንደሆነም ግለጪ።

ውጤቱን «95 በመቶ» ብለሽ ብቻ አትለፊው። ወባ ካለባቸው 20 ሰዎች 19ኙን ማግኘትም 95 በመቶ ነው፤ የመተማመኛ ክልሉ (እውነተኛው ቁጥር ሊሆን የሚችልበት ክልል) ግን ከ75 በመቶ ገደማ ይጀምራል። ሁለቱም ምርመራዎች የተስማሙባቸውንና የተለያዩባቸውን ሰዎች ቁጥር በሠንጠረዥ አስቀምጪ፤ አንባቢ ራሱ ማስላት ይችላል።

መስመር ያላሳዩ ኪቶችንና የተበላሹ ስላይዶችን በዝምታ ከቆጠራ ማውጣት ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ልማድ ነው። ጤና ጣቢያ ላይ ያለች ነርስ በየቀኑ የምትጋፈጠው እነዚህኑ ነው፤ ጥናታችንን የምንጽፈውም ለእርሷ ነው። ስንቱ እንደተጋበዙ፣ ስንቱ እንደተመረመሩ፣ ስንቱ በምን ምክንያት እንደቀሩ የሚያሳየውን የፍሰት ሥዕል ከሁሉ አስቀድመሽ ሥሪ። ከመዝገብሽ ጋር የማይገጥም ቁጥር ካገኘሽ የሕሙማንን ስም ሳትጠቅሺ እዚሁ ለጥፊው፤ አብረን እንፈልገዋለን።