«ኮሌስትሮሏ ደህና ነው» ተባልን ላልሽው እህቴ

«እናቴ 58 ዓመቷ ነው፤ ሩማቶይድ ካለባት 9 ዓመት ሆናት። ዳገት ስትወጣ ደረቷን ጨምድዶ ይይዛታል። ኮሌስትሮሏ ደህና ነው ተባልን። የበሽታ መከላከል አቅሟን የሚያጠነክር ምን ልስጣት?» ላልሽው።

እህቴ፣ ሽፈራውንና ጥቁር አዝሙዱን ለጊዜው አስቀምጪው። የእናትሽ ችግር የአቅም ማነስ አይደለም። ሩማቶይድ ማለት ዘበኛው የገዛ ቤቱን ሰው ሲደበድብ ማለት ነው፤ በሽታ ተከላካዩ የራስን መገጣጠሚያ ያጠቃል። እኔም ሩማቶይድ አለብኝ፤ ይሄን የተረዳሁት የልቤ ቧንቧ ውስጥ ሁለት ስቴንት (የጠበበ ቧንቧ የሚከፍት ትንሽ የሽቦ ቱቦ) ከገባልኝ በኋላ ስለሆነ አምርሬ ብጽፍ አትቀየሚኝ።

1. ያ የኮሌስትሮል ወረቀት አያዘናጋችሁ። የእኔ ኤልዲኤል (መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል) 92 ነበር፤ ወረቀቱን እንደ ዲፕሎማ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው እዞር ነበር። ለካ መገጣጠሚያው ሲቆጣ ኮሌስትሮል እንዲያውም ዝቅ ይላል፣ የልብ አደጋው ግን ከፍ ይላል! የአውሮፓ የሩማቶይድ ሐኪሞች መመሪያ በተለመደው ስሌት የወጣውን የልብ አደጋ በ1.5 አባዙት የሚለው ለዚህ ነው። ነገሩን በኋላ ያስረዳኝ ሐኪም ወረቀት ላይ ስሎ ነው ያሳየኝ። የደም ቧንቧው ግድግዳ ውስጥ የሰረገውን ስብ ሊያጸዱ የሚገቡ ነጭ የደም ሴሎች አሉ። ስቡን ይውጡና ይወፍራሉ፣ መውጣት አቅቷቸው እዚያው ይሞታሉ፣ ክምሩ ያድጋል። ቁጣው ሲበረታ ክምሩን የሸፈነውን ስስ ልባስ ይሸረሽሩታል። ልባሱ የተቀደደ ቀን ደም እዚያ ላይ ይረጋና ቧንቧው ይዘጋል። የእናትሽን ጣት የሚያሳብጠው ቁጣና ይሄኛው የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

2. ዲክሎፌናክ፣ ያ የሕመም ማስታገሻ። ሁለት ዓመት ሙሉ በቀን ሁለት እውጥ ነበር። ጠዋት ጠመኔ መያዝ ሲያቅተኝ ምን ላድርግ፣ አስተማሪ ነኝ። የአውሮፓ መድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2013 የልብ ሕመም ያለበት ሰው እንዳይወስደው ወስኗል። እኛ ጋ ፋርማሲው «ስንት ልስጥሽ?» ነው የሚለው። ከዚያ የባሰው ደግሞ ጨጓራዬንም ስለላጠው፣ ደረቴ ላይ የመጣውን ሁሉ ለጨጓራ ሰጠሁት። የፈተና ወረቀት ታቅፌ ሦስተኛ ፎቅ ስወጣ ደረቴን ጨመደደኝ፤ ግራ ክንዴንና መንጋጋዬን አመመኝ። ደረቱን ለጨጓራ፣ ክንዱን ለሩማቶይድ አከፋፈልኩትና አረፍኩ።

ክሊኒክ ስሄድ ደግሞ «ሴትዮ፣ ተጨንቀሽ ነው» ተብዬ የጨጓራ መድኃኒቱ ኦሜፕራዞል ተጽፎልኝ ወጣሁ። ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) የሚባል ነገር ያነሳ የለም! በአራተኛው ቀን ሌሊት ላብ በላብ ሆኜ ወንድሜ በታክሲ ሆስፒታል አደረሰኝ። የሁለት ዙር እቁብ እዚያ ቀረ፤ የወንድሜም መኪና ተሸጠች። ሲሻለኝ የቀድሞ ውጤቴን ልውሰድ ብዬ ወደ ክሊኒኩ ብመለስ፣ የካርድ ክፍሉ ሰውዬ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ካርድሽ ጠፍቷል፣ አዲስ አውጪ» አለኝ። ካርዱን የበላሁት እኔ ይመስል፣ አስከፈለኝም!

ለጥያቄሽ «ኮልቺሲን ግዢላት» ብሎ ቁጣ የሚያበርድ መድኃኒት የመከረሽ ወንድማችን ግማሹን ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ካንቶስ የተባለ ጥናት፣ ሃርት አታክ ያገኛቸው ከ10,000 በላይ ሰዎች ላይ ኮሌስትሮልን የማይነካ፣ ቁጣውን ብቻ የሚያበርድ መርፌ ሞክሮ ዳግም አደጋን 15 በመቶ ቀንሷል። በዚያው ልክ በኢንፌክሽን የሚሞተው ሰው ጨመረ። ዘበኛውን ማሰር ዋጋ ያስከፍላል። ኮልቺሲንም በ0.5 ሚሊግራም ለልብ ሕሙማን አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2023 ተፈቅዷል። ግን ኩላሊት የደከመበት ሰው ላይ አደገኛ ነው። ለጨጓራ ባክቴሪያ እዚህ በየቤቱ ከሚዋጠው ክላሪትሮማይሲን ጋር ከተገናኘ ደግሞ ሊገድል ይችላል። እናትሽ ያንን የጨጓራ መድኃኒት በቅርቡ ወስደው ይሆናል፤ ሳይጠየቅ እንዴት ይገዛል?

እናትሽን ነገውኑ ወደ ልብ ሐኪም ውሰጃቸው። ሩማቶይዱ ስንት ዓመት እንደቆየ፣ የሚውጡትን ሁሉ፣ ፕሬድኒሶሎንም (ስቴሮይዱ) ካለ፣ በአንድ ወረቀት ጻፊ፤ ልብ የሚያየው ጣት አያይም፣ ጣት የሚያየውም ልብ አያይም። ቁጭ ባሉበት ከያዛቸው ወይም ካላባቸው ግን ነገን አትጠብቂ፣ በዚያችው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል።

እኔ አሁን ለሩማቶይዱ ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንድ ቀን፣ ኮሌስትሮል የሚቀንሰውን ስታቲን ማታ ማታ እወስዳለሁ። ሦስተኛ ፎቅም ሳላርፍ እወጣለሁ፣ ተማሪዎቼ ይመስክሩ። የኢሲጂውን ነገር እዚሁ ጻፊልኝ። የሚሰጧችሁን ወረቀት ሁሉ ደግሞ እዚያው ቆመሽ ፎቶ አንሺው፣ ካርድ ክፍል ሳይገባ።