«ኦንላይን ነበርሽ፣ ለምን አልመለስሽልኝም?»

የጻፈችልኝ የ31 ዓመት ሴት ናት፣ ካገባች ስድስት ዓመቷ ነው። ደብዳቤዋ ረጅም ስለሆነ አሳጥሬ ነው ያቀረብኩት፦

«ከሁለት ዓመት በፊት የማታ ፈረቃ ስገባ እንዳይጨነቅ ብዬ ራሴ ነኝ ሎኬሽኔን ሼር ያደረግኩለት። ያኔ ደስ ይለኝ ነበር፣ የሚያስብልኝ ሰው አለኝ እል ነበር። አሁን ፈረቃው ቀርቷል ሎኬሽኑ ግን እንደበራ ነው። ቀስ እያለ ጥያቄው በዛ፣ ለምን እዛ ጋ ቆምሽ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ኦንላይን ነበርሽ ለኔ ግን አልመለስሽም፣ ሰማያዊ ሆኗል እኮ አይተሽዋል፣ እንደዚህ ነው። ባለፈው ወር ስብሰባ ላይ ቁጭ ብዬ ሎኬሽኑ መንገድ ተሻግሮ ያለ ሌላ ህንፃ ውስጥ አሳየኝ፣ ማታ ተጣላን፣ ሦስት ቀን ተኮራረፍን። አሁን አሁን ሳይጠይቀኝ ራሴ ያለሁበትን ፎቶ አንስቼ እልክለታለሁ። እህቴ ሁሉንም አጥፊው ትለኛለች፣ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ እኛ ፓስወርድ ሳይቀር እንተዋወቃለን ምን የሚደበቅ ነገር አለ ትላለች። እወደዋለሁ፣ እጁን አንስቶብኝ አያውቅም። ቴክኖሎጂው ነው ያበላሸን ወይስ እሱ ድሮም እንዲህ ነበር?»

የኔ እህት፣ መጀመሪያ ማፑ ላይ ያለሽበትን ስለምታሳየው ነጥብ ላውራ፣ ሦስት ቀን ያኮራረፈቻችሁ እሷ ስለሆነች። ስልክ ያለበትን ቦታ በዋናነት የሚያውቀው ከሳተላይት በሚመጣ ሲግናል ነው፣ ክፍት ሰማይ ስር ከሆንሽ የሚስተው 5 ሜትር አካባቢ ነው። ህንፃ ውስጥ ስትገቢ ግን ጣሪያውና ግድግዳው ሲግናሉን ያዳክመዋል፣ ደግሞ ከጎረቤት ፎቅ እየነጠረ የሚመጣ ሲግናል አለ፣ በዚህ ጊዜ ስልኩ በአቅራቢያው ባሉ ዋይፋዮችና በኔትወርክ ማማዎች እየተመራ መገመት ይጀምራል፣ ግምቱም መንገድ አሻግሮ ሊያስቀምጥሽ ይችላል። ማፑ ላይ ነጥቧን ከቦ የሚታየው ፈዛዛ ክብ «እዚህ ውስጥ የሆነ ቦታ ነች» ለማለት የተሰራ ነው። ሰው ግን ክቡን ትቶ ነጥቧን ነው የሚያየው፣ በተለይ የተጨነቀ ሰው።

ኦንላይን የሚለውም እንደዛው ነው። ዋትሳፕ ላይ ኦንላይን ማለት አፑ ተከፍቶ ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝቷል ማለት ብቻ ነው፣ ከማን ጋር እንደምታወሪ ወይ ጭራሽ እያወራሽ መሆኑን አይናገርም፣ የሆነ ስልክ ቁጥር ፈልገሽ ገብተሽ ሊሆን ይችላል። ሰማያዊዋ ምልክት እ.ኤ.አ. በ2014 ነው ዋትሳፕ ላይ የመጣችው፣ እንደወጣች ብዙ ሰው ስላጉረመረመባት ብዙም ሳይቆዩ ማጥፊያ ጨመሩላት፣ ቴሌግራም ላይ ደግሞ ሁለተኛዋ ምልክት ያንኑ ሥራ ትሰራለች። ሁለቱም የሚሉት ቻቱ ተከፍቷል ነው። አንድ ሰው ደረጃ እየወረደ በአንድ ዓይኑ አይቶ ቁጭ ስል እመልሳለሁ ብሎ ቢረሳውም ምልክቷ እኩል ሰማያዊ ናት።

ይሄን ሁሉ የማወራሽ ባለቤትሽን በቴክኒክ እንድትረቺው አይደለም፣ እንደዛ ካደረግሽው ሌላ ክርክር ነው የሚሆነው። ልነግርሽ የፈለግኩት ስልኩ የሚሰጠው ትንሽ ምልክት መሆኑን ነው፣ ትርጉሙን የሚጨምርበት ሰውየው ነው፣ የሚጨምረውም በዛ ሰዓት ልቡ ውስጥ ያለውን ነው። የተረጋጋ ሰው «አይታዋለች፣ ሥራ በዝቶባት ነው» ይላል፣ የፈራ ሰው በዛችው ምልክት «ንቃኛለች» ይላል። ወደኔ የሚመጡ ጥንዶች ስክሪንሾት አውጥተው ሲያሳዩኝ አያለሁ፣ ሰዓቱን በጣታቸው እየጠቆሙ፣ ይኸው ብለው። ስክሪንሾቱ ላይ ግን የተባለው ነገር የለም፣ ያለው ሰዓት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 ካናዳ ውስጥ ኤሚ ሚውዝና ባልደረቦቿ ከ300 በላይ ተማሪዎችን ጠይቀው ያወጡት ጥናት አለ፣ ፌስቡክ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያጠፉ ሰዎች በፍቅረኛቸው ጉዳይ የበለጠ ቅናት ይታይባቸው ነበር። አጥኚዎቹ የጠረጠሩት ዙሪት መኖሩን ነው፣ ምን ማለት እንደሆነ የማይታወቅ ቁራጭ መረጃ ያይና ይቀናል፣ ሲቀና ተመልሶ ያያል፣ ሲያይ ሌላ ቁራጭ ያገኛል። ያኔ የነበረው የጓደኛ ዝርዝርና አስተያየት ነው፣ አሁን የባለቤትሽ ኪስ ውስጥ ያለው ደግሞ በየደቂቃው የሚታደስ ነው።

ጥያቄሽ ላይ ልምጣ፣ ቴክኖሎጂው ነው ወይስ እሱ? አንዱን ብቻ ብመርጥልሽ እዋሽሻለሁ። ስጋቱ ከሱ ነው የመጣው፣ ምናልባት ካንቺም በፊት የነበረ ነው። ጆን ቦውልቢና ሜሪ አይንስወርዝ ህፃናት ከሚንከባከባቸው ሰው ጋር ስላላቸው ትስስር ያጠኑትን ሃዛንና ሼቨር የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1987 ወደ አዋቂዎች ፍቅር አምጥተውታል፣ አንዳንድ ሰው የሚወደው ሰው ትንሽ ራቅ ያለ ሲመስለው ውስጡ ያለው ደወል ከሌላው ሰው ቀድሞና ጮክ ብሎ ይደውላል። ይሄ ክፋት አይደለም፣ ሰውየውም አልመረጠውም።

ስልኩ ያመጣው ነገር ደግሞ አለ፣ ይሄን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ድሮ እንዲህ ያለ ሰው ጠዋት ሲሸኝሽ ጭንቀቱን ይዞት ነበር የሚውለው፣ የሚጠይቅበት መንገድ ስላልነበረው። ማታ በር ከፍተሽ ትገቢያለሽ፣ ፊትሽን ያያል፣ ድምፅሽን ይሰማል፣ በቃ ይወጣለታል። ይሄ በቀን አንድ ጊዜ፣ በዓመት ሦስት መቶ ምናምን ጊዜ ይደጋገምና ሰውየው ሳያስበው አንድ ነገር ይማራል፣ እየፈራሁ ብውልም ትመጣለች፣ መጠበቅ እችላለሁ። አሁን ያ ትምህርት ነው የተቋረጠው። ጭንቀቱ ብቅ ሲል ስልኩን ያያል፣ ነጥቧ ቦታዋ ላይ ካለች እፎይ ይላል፣ እፎይታው ደግሞ እንደገና ለማየት ያስለምደዋል፣ ሁለት ሰዓት የነበረው ግማሽ ሰዓት ይሆናል፣ ግማሽ ሰዓቱ አስር ደቂቃ። ጭንቀትን የምናክም ሰዎች ይሄን ዙሪት በደንብ እናውቀዋለን፣ ምድጃ አጥፍቼ ነው የወጣሁት ወይ እያለ አምስቴ ከሚመለሰው ሰው ጋር ዘመድ ነው፣ አምስተኛው መመለስ ስድስተኛውን ነው የሚወልደው።

ስለዚህ ስለምትልኪው ፎቶ ልንገርሽ፣ ደብዳቤሽ ውስጥ በጣም ያሳዘነኝ እሱ ነው። ሰላም ለማግኘት ብለሽ እንደምታደርጊው ይገባኛል። ግን አንቺም ሳታውቂው ያንን ዙሪት እየመገብሽው ነው፣ ዛሬ ፎቶ የላክሽበት ነገር ነገ ፎቶ ካልተላከበት ጥያቄ ያመጣል። ከዛም በላይ አንቺን እየለወጠሽ ነው፣ ሳትከሰሺ መከላከያ የምታቀርቢ ሰው ሆነሻል፣ እንዲህ የሚኖር ሰው ደግሞ ውሎ አድሮ ፍቅሩ ይቀዘቅዛል፣ ያኔ ባለቤትሽ የፈራው ነገር በራሱ እጅ ይመጣበታል።

ባልደረባሽ ስለምትለው፣ ለነሱ ሊሰራላቸው ይችላል፣ ምናልባትም የሚሰራላቸው ፓስወርዱን እያወቁ ማንም ገብቶ ስለማያይ ነው። የሚደበቅ ነገር ከሌለ የሚለው አባባል ግን አይመቸኝም። ስልክሽ ውስጥ ያለው ያንቺ ብቻ አይደለም እኮ፣ ጓደኛሽ እያለቀሰች የጻፈችልሽ አለ፣ እህትሽ ላንቺ ብቻ ብላ የነገረችሽ አለ፣ እነሱ ባለቤትሽ እንዲያነበው አልፈቀዱም። ባለቤትሽ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ሊልሽ ይችላል፣ ተረቱ ለገበያ ይሆናል፣ ትዳር ውስጥ ግን የሚጠረጥርም ይመነጠራል።

እህትሽ ደግሞ ሁሉንም አጥፊው ስትል ስሜቷ ይገባኛል፣ ግን ዛሬ ማታ ተናደሽ ብታጠፊው ለሱ ደወሉ ባንዴ በሙሉ ኃይሉ ይጮሃል፣ «ምን ልትሰራ ነው ያጠፋችው» ነው የሚለው። ደግሞ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደመምታት ነው የሚሆነው፣ ነገሩ ሳይነካ ስልኩ ይመታል። ሎኬሽኑ መጥፋት አለበት፣ በዚህ አልጠራጠርም፣ ግን ተነጋግራችሁ ሁለታችሁም እያያችሁት ይጥፋ።

ንግግሩን በቴክስት እንዳታደርጊው፣ እባክሽ። ክሩገርና ኤፕሊ የሚባሉ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች በኢሜይል የጻፉት ነገር ቁም ነገር ይሁን ቀልድ አንባቢው የሚለይላቸው ይመስላቸው ነበር፣ አንባቢዎቹ ግን ሳንቲም ወርውረው ከመገመት ብዙም አልተሻሉም። እናንተ ቤት ደግሞ ጽሑፍ ቀድሞውንም ቆስሏል። ያልተጣላችሁበት ቀን ምረጪ፣ ስልኮቹ ሌላ ክፍል ይሁኑ፣ ቀስ ብለሽ ጀምሪ። ለምሳሌ እንዲህ ማለት ትችያለሽ፦ «ሎኬሽኑን የከፈትኩት እንዳትጨነቅልኝ ብዬ ነበር፣ አሁን ግን አንተም ከበፊቱ የበለጠ ተጨንቀሃል እኔም ደክሞኛል፣ ነጥቧን ስታያት ምን ይመጣብሃል?» ከዛ ዝም በይ። መልሱ ቶሎ ላይመጣ ይችላል፣ ወንድ ልጅ ፈራሁ ለማለት ከተናደድኩ ለማለት ይልቅ ይከብደዋል ብዬ ነው ከልምዴ የማምነው። «ትተዪኛለሽ ብዬ ነው» ወይ «አባቴ እንዲህ ሆኖ ስለነበር» የሚል ነገር ከወጣ የዛን ቀን ስለ ሴቲንግ ምንም አታውሩ፣ እሱን ስሚው።

በሌላ ቀን ደግሞ ተግባሩን ተነጋገሩ። ሁሌ ክፍት በሆነው ሎኬሽን ፈንታ ለጊዜው የሚከፈት አለ፣ ዋትሳፕ ላይ ለ15 ደቂቃ፣ ለ1 ሰዓት ወይ ለ8 ሰዓት ብቻ ላይቭ ሎኬሽን መላክ ይቻላል፣ ጊዜው ሲያልቅ ራሱ ይዘጋል። ማታ ብቻሽን ስትመጪ የ1 ሰዓቱን ላኪለት፣ መጀመሪያ የተከፈተበት ምክንያት እሱ ነበር እኮ። ሰማያዊዋን ምልክት ሁለታችሁም አጥፏት፣ ዋትሳፕ ላይ አንዱ ሲያጠፋ የሌላውንም ማየት ስለማይችል በዚህ ማንም ማንንም አይበልጥም። አስቸኳይ ነገር ካለ ይደወል፣ ቴክስት ከሆነ ግን እስከ ማታ ቢቆይም ችግር የለውም ብላችሁ ተስማሙ። ፎቶውንም አቁሚው፣ ግን ዝም ብለሽ አታቁሚው፣ ንገሪው፣ «ካሁን በኋላ ማስረጃ አልልክልህም፣ ማታ ግን ውሎዬን ቁጭ ብዬ አወራሃለሁ» በይው፣ ያልሽውንም አድርጊ፣ ምክንያቱም የሚናፍቀው ውሎሽን ከሆነ ከነጥቧ ይልቅ ያ ነው የሚያጠግበው።

ለሱ ደግሞ አንድ ልምምድ አለኝ። ልየው ልየው የሚለው ስሜት ሲመጣበት ሰዓት ይይና 20 ደቂቃ ይጠብቅ፣ ስልኩን ሳይነካ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ያስጨንቃል፣ እንዲያውም የባሰበት ይመስለዋል። ግን ጭንቀት ማዕበል ስለሆነ ከፍ ብሎ ይወርዳል፣ ሳያይ እንደወረደለት ሲያስተውል ያ የተቋረጠው ትምህርት እንደገና ይጀመራል። ብቻውን ካቃተው ባለሙያ ጋር ይሂድ፣ ይሄ በደንብ የሚታከም ነገር ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልጠይቅሽ አላልፍም። እጁን አንስቶብኝ አያውቅም ብለሽ ጽፈሻል፣ ማንም ሳይጠይቅሽ። ይሄን ንግግር ስታስቢው የሚሰማሽ መጨናነቅ ብቻ ነው ወይስ እሱን መፍራት ነው? ስልክሽን እየቀማ የሚያይ ከሆነ፣ ሳታውቂ አፕ ጭኖብሽ ከሆነ፣ ከቤተሰብሽና ከጓደኞችሽ እየነጠለሽ ከሆነ፣ ወይ ብታጠፊው ምን እንደሚያደርግ የሚያስፈራ ነገር ተናግሮ ከሆነ እስካሁን ያልኩሽን ሁሉ ተይው። ያ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ያኔ ሴቲንግ አትንኪ፣ አጠፋለሁ ብለሽም አትንገሪው፣ እሱ በማያየው ስልክ መጀመሪያ ለእህትሽ ከዛ ለባለሙያ ተናገሪ።

ፍርሃት ከሌለ ግን ይሄን ጽሑፍ ለሱም ስጪው። በቴክስት አትላኪለት፣ አጠገቡ ተቀምጠሽ አብራችሁ አንብቡት፣ «ይሄ እኔ አይደለሁም» የሚለው ቦታ ካለም እሱ ራሱ ይጻፍልኝ፣ የሱንም ወገን መስማት እፈልጋለሁ።