መልስ፦ አንቶፋጋስታ ስለ መሥራት

ወንድሜ፣ ቺሊ አንቶፋጋስታ ውስጥ የማዕድን ማሽን ጥገና ሥራ አግኝቻለሁ፣ ልሂድ ወይ ብለሃል። እኔ ብሆን እሄድ ነበር። ግን ከመፈረምህ በፊት ፈረቃውን በደንብ ጠይቅ።

ከተማዋ ፓስፊክ ውቅያኖስ ጠርዝ ላይ ናት። የሚቆፈረው ማዕድን፣ መዳቡ፣ ያለው ግን ራቅ ብሎ፣ አታካማ በረሃ ውስጥ ነው። ትልቁ የኤስኮንዲዳ ማዕድን ከከተማዋ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፣ ከፍታውም 3,100 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ማታ ማታ ቤትህ አትገባም። ብዙ ጊዜ ሰባት ቀን ካምፕ ታድራለህ፣ ሰባት ቀን ታርፋለህ። በሥራ ቀን 12 ሰዓት ይሠራል። የአዲስ አበባ ልጅ ብትሆንም፣ ባሕር ጠረፍ ሰንብተህ በአንድ ጠዋት እዚያ ስትወጣ ራስህን ሊያምህ ይችላል። የመጀመሪያውን ቀን ቀስ በል፣ ውሃ ጠጣ።

ትዳር ካለህ ደግሞ ከባለቤትህ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። የዓመቱን ግማሽ ልጆቹን ብቻዋን ነው የምትይዘው። ስለ ደመወዙ የሚወራውን ያህል ይሄ አይወራም፣ እኔን የሚያሳዝነኝም እሱ ነው።

ዝናብ የለም ማለት ይቻላል። የቧንቧ ውሃው በአብዛኛው ጨው የወጣለት የባሕር ውሃ ነው። ቤት ስትከራይ ግን ከተራራው ግርጌ ካለ የጎርፍ መውረጃ ራቅ። በ1991 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ድንገት የዘነበ ዝናብ ጭቃ ይዞ ወርዶ ብዙ ሰው ገድሏል።

ስፓኒሽ ዛሬውኑ ጀምር። የደህንነት ማስጠንቀቂያ ሳይገባህ ከባድ ማሽን አጠገብ መቆም አደጋ ነው።