ብሔራዊ ላብራቶሪ የሚገባው በሶላር በኩል ብቻ አይደለም

ጥያቄ፦ «ሜሪላንድ ውስጥ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሜካኒካል ምህንድስና የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ግሪን ካርድ አለኝ፤ ውጤቴ 3.2 ነው። ምኞቴ ኮሎራዶ ባለው የታዳሽ ኃይል ብሔራዊ ላብራቶሪ በሶላር ምርምር መሥራት ነው። ማታ ማታና ቅዳሜ ማሞቂያና ኤርኮንዲሽነር በሚገጥምና በሚጠግን ድርጅት በረዳትነት እሠራለሁ፤ ለምርምር ቦታ አይመጥንም ብዬ ግን ከሲቪዬ ላይ አውጥቼዋለሁ። የማውቃቸው ሰዎች ‹ያለ ፒኤችዲ አትልፊ› ይሉኛል። ወደ ኤሌክትሪካል ልቀይር? ከየትስ ልጀምር?»

መልስ፦ እህቴ፣ ከሲቪሽ ላይ ያወጣሽውን ሥራ ዛሬውኑ መልሰሽ አስገቢው። ምክንያቱን እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ስለ ቦታው ትንሽ ልበልሽ፤ ብዙ ሰው ዝናውን ብቻ ሰምቶ ነው የሚያመለክተው።

አንቺ የምትዪው ላብራቶሪ ጎልደን ከተማ ውስጥ በ1977 የፀሐይ ኃይል ምርምር ተቋም ተብሎ ሥራ ጀመረ። በ1991 ብሔራዊ ላብራቶሪ ሲሆን ብዙዎች «ኤንሬል» እያሉ የሚጠሩትን ስም አገኘ፤ በ2025 መጨረሻ ላይ ደግሞ ስሙ ተቀይሮ «የሮኪስ ብሔራዊ ላብራቶሪ» ተብሏል። ስለዚህ ሥራ ስትፈልጊ በአሮጌውም በአዲሱም ስም ፈልጊ። ዋናው ነገር ግን የአሜሪካ የኢነርጂ ሚኒስቴር 17 ብሔራዊ ላብራቶሪዎች አሉት፤ ኤንሬል ከነሱ አንዱ ነው። ሎረንስ በርክሊና ኦክ ሪጅ በሕንፃ ኢነርጂ ቁጠባ ላይ ይሠራሉ፤ ፓስፊክ ኖርዝዌስት የሕንፃ ኢነርጂ ኮዶችን (የግንባታ ደንቦችን) ያጠናል፤ አርጎን በባትሪ ይታወቃል፤ ሳንዲያ አልበከርኪ ላይ በመስታወት ፀሐይን ሰብስቦ ሙቀት የሚያመርት የሙከራ ጣቢያ አለው። አንድ ስም ላይ ሙጭጭ ካልሽ አሥራ ስድስቱን በራስሽ ላይ ትዘጊያለሽ።

ከአንዱ በስተቀር ሁሉንም ላብራቶሪዎች የሚያስተዳድሯቸው መንግሥት ውል የሰጣቸው ድርጅቶችና ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። ሠራተኛው የፌዴራል መንግሥት ተቀጣሪ ስላልሆነ የሥራ ማስታወቂያውን የምታገኚው ዩኤስኤጆብስ በሚባለው የፌዴራል መንግሥት የሥራ ድረ ገጽ ላይ ሳይሆን በየላብራቶሪው ድረ ገጽ ላይ ነው። ይህን ባለማወቅ ለወራት በተሳሳተ ቦታ የሚፈልግ ሰው ብዙ ነው።

«ያለ ፒኤችዲ» የሚለው ወሬ ግማሹ እውነት ነው። የራስን የምርምር ጥያቄ ይዞ ቡድን ለመምራት በአብዛኛው ፒኤችዲ ይጠየቃል። ግን ላብራቶሪ በተመራማሪ ብቻ አይቆምም። የሙከራ መሣሪያ የሚተክሉ፣ ሴንሰር የሚያስተካክሉ፣ ዳታ የሚያጸዱ፣ ሞዴል የሚሠሩ የመጀመሪያና የሁለተኛ ዲግሪ ያላቸው መሐንዲሶችና ቴክኒሻኖችም አሉ።

ወደ ኤሌክትሪካል ልቀይር ያልሽውን በተመለከተ፣ አልመክርሽም። የሶላር ሴል ምርምር በአብዛኛው የማቴሪያል ሳይንስ፣ የኬሚስትሪና የፊዚክስ ሥራ ነው። በ2020 ኤንሬል ስድስት ድርብርብ ንብርብር ባለው ሴልና በተሰበሰበ ብርሃን፣ ከብርሃኑ 47.1 በመቶውን ወደ ኤሌክትሪክ የለወጠ ውጤት ሲያሳውቅ፣ የሥራው እምብርት እነዚያን ቀጫጭን ንብርብሮች እንከን ሳይኖርባቸው አንዱን በአንዱ ላይ ማሳደግ ነበር። ኤሌክትሪካል የሚያስፈልገው ለግሪድ (ለኤሌክትሪክ መረቡ)፣ የፓነሉን ኤሌክትሪክ ቤት ወደሚጠቀምበት ዓይነት ለሚቀይረው ኢንቨርተርና ለመሳሰሉት ነው። የትምህርት ክፍል ብትቀይሪ ጊዜ ትከስሪያለሽ፤ ወደ ሴሉም ያን ያህል አያቀርብሽም። የያዝሽው ቴርሞዳይናሚክስና የሙቀት ዝውውር ግን ቀጥታ የሚያስገባሽ ሌላ መስክ አለ፤ እሱም የኢነርጂ ቁጠባ ነው።

ቁጠባ ስልሽ አምፖል ማጥፋት እንዳይመስልሽ። አሜሪካ ውስጥ ከጠቅላላው ኢነርጂ ወደ 40 በመቶ የሚጠጋውን የሚበሉት ሕንፃዎች ናቸው፤ ከኤሌክትሪኩማ ሦስት አራተኛ ያህሉን። በርክሊ የነበረው አርተር ሮዘንፌልድ የታዋቂው የፊዚክስ ሊቅ የኤንሪኮ ፌርሚ ተማሪ የነበረ የፓርቲክል ፊዚክስ ሰው ነው። ከ1973ቱ የነዳጅ ማዕቀብ በኋላ ፊዚክሱን ትቶ ወደ ፍሪጅ፣ ወደ መስኮትና ወደ መብራት ዞረ፤ ያኔ ብዙ ባልደረቦቹ ይህን እንደ ቁልቁለት ሳያዩት አልቀሩም። ዛሬ አንድ አዲስ የአሜሪካ ፍሪጅ የሚፈጀው ኤሌክትሪክ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የነበረው ከሚፈጀው ሩቡን ያህል ነው፤ እሱም ትልቅ ሆኖ። እንደኔ እምነት፣ ወጣቶች ሶላር ላይ ሲረባረቡ ይህ መስክ ያለ ሰው መቅረቱ ያሳዝናል።

አሁን ወደ ማታ ሥራሽ። ቤት የሚያሞቀውና የሚያቀዘቅዘው ማሽን፣ ሂት ፓምፕ፣ ሙቀትን አያመርትም፤ ከውጭ አየር ለቅሞ ወደ ቤት ያስገባል። ለዚህ ነው በአንድ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ሁለት፣ ሦስት ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት የሚሰጠው። ውጭው እየቀዘቀዘ ሲሄድ ግን የሚለቀመው ሙቀት ይሳሳል፤ ውጭ ያለው ኮይል (ሙቀቱን የሚለቅመው ጥምዝምዝ ቱቦ) በረዶ ይይዛል፤ ማሽኑ በረዶውን ለማቅለጥ ለጥቂት ደቂቃ አቅጣጫውን ይገለብጣል። ላብራቶሪ ውስጥ ይህ ሁሉ የሚለካው ሙቀቱና እርጥበቱ በተመጠነ ክፍል ነው። አንቺ የምታዪው ደግሞ ጋዙ አንሶ የተሞላ፣ የአየር ቱቦው ጣሪያ ሥር የሚያፈስ፣ ፊልትሩ ዓመት ሙሉ ያልተቀየረ ማሽን ነው። ማሽኑ በፋብሪካ ወረቀት የተጻፈለት ብቃትና በሰው ቤት የሚሰጠው ለምን እንደሚለያዩ ራሱን የቻለ የምርምር ጥያቄ ነው። ይህን በእጁ የነካ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ብዙ አይገኝም። ሲቪሽ ላይ ግን «የጥገና ረዳት» ብለሽ ብቻ አትለፊው። የአየር ፍሰት፣ ግፊት፣ የመግቢያና የመውጫ ሙቀት ለክተሽ ከሆነ በምን መሣሪያ እንደለካሽና ምን ብልሽት እንደተገኘ ጻፊ። ያልነካሽውን አትጨምሪ፤ ቃለ መጠይቁን የሚያደርገው መሐንዲስ በሁለተኛው ጥያቄ ይደርስብሻል።

ቀጥሎ አንድ ትንሽ ሥራ ሠርተሽ አሳዪ። ላብራቶሪዎቹ የሚጠቀሙባቸው ብዙ ሶፍትዌሮች በነፃ የሚገኙ ናቸው። ኢነርጂፕላስ የአንድን ሕንፃ የዓመት ፍጆታ በየሰዓቱ ያሰላል፤ ኦፕንስቱዲዮ እሱን ለመጠቀም ያቀላል። ሶላሩ ካልወጣልሽም ፒቪዋትስ የሚባለው የኤንሬል ማስሊያ ጣሪያ ላይ የሚተከል ፓነል ምን ያህል እንደሚያመነጭ በደቂቃ ይነግርሻል። የምትኖሪበትን ቤት ሞዴል አድርጊና ውጤቱን ከአንድ ዓመት የመብራት ሂሳብ ጋር አስተያዪው። አይገጥምም። የማይገጥምበትን ምክንያት አንድ በአንድ ተከታትለሽ በሁለት ገጽ ብትጽፊው ከማንኛውም የምስክር ወረቀት በላይ ይናገርልሻል፤ ምክንያቱም በዚህ መስክ የሚሠራ ሰው የዘወትር ጭንቀቱ ያ ክፍተት ነው።

ለአንቺ የሚሆነው የመጀመሪያ በር ለኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተማሪዎች የተዘጋጀው የኢነርጂ ሚኒስቴር ኢንተርንሺፕ ነው፤ በምህጻሩ ሲሲአይ ይባላል። ግሪን ካርድ ይበቃል፤ ውጤት ከ3.0 በታች እንዳይሆን ይፈልጋል፤ ክፍያም አለው። የበጋው (የሰመሩ) 10 ሳምንት ነው፤ የፎልና የስፕሪንጉ 16። የበጋው ማመልከቻ አብዛኛውን ጊዜ ኦክቶበር ላይ ተከፍቶ ጃንዋሪ ላይ ይዘጋል። ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ስትዛወሪ ሱሊ ለሚባለው የዚያው ሚኒስቴር የዲግሪ ተማሪዎች ኢንተርንሺፕ ታመለክቻለሽ። ያኔ የሲሲአዩ ልምድ ትልቅ ድጋፍ ይሆንሻል።

አንድ የማልደብቅሽ ነገር አለ። የእነዚህ ቦታዎች ገንዘብ ከኮንግረስ የሚመጣ ነው፤ ፖለቲካው ሲዞር በጀቱም ይዞራል። በ2025 ሜይ ወር ኤንሬል 114 ሠራተኞችን ቀንሷል። ስለዚህ ሁሉንም ተስፋሽን እዚያ አታድርጊ። ደግነቱ በቁጠባ የምታካብቺው ሙያ የመብራት ኩባንያ፣ የሕንፃ ኢነርጂ ኦዲት የሚሠራ ድርጅት፣ የከተማ አስተዳደር የኮድ ክፍልም ይፈልገዋል።

ማመልከቻው ሁለት የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቃል። አንዱን በላብ ኮርስ ያስተማረሽ መምህር ቢጽፈው ይመረጣል፤ ጥሩ ውጤት የሰጠሽ ግን ስምሽን የማያስታውስ መምህር አይጠቅምሽም። ሁለተኛውን የማታ ሥራ አለቃሽን ጠይቂ። ደብዳቤ መጻፍ ላይ ልምድ ከሌለው አብራችሁ የሠራችኋቸውን ሁለት ሦስት ሥራዎች በአንድ ወረቀት አስታውሺው፤ መጻፉን ግን ለሱ ተዪለት። ሁለቱንም ከታንክስጊቪንግ በፊት ጠይቂያቸው፤ መምህሩ የፈተና እርማት ሳይጀምር፣ አለቃሽም ማሞቂያ ቆመብኝ በሚል ስልክ ሳይጣበብ።